ግድግዳው ይፍረስ፣ የአለቃውስ?

ቦሌ ያለ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ሠራተኛው በዛና ቢሮውን «ክፍት» ሊያደርግ ተነሣ። ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ ፕላኑን ዘርግቶ ያስረዳል፤ የሒሳብ ክፍሏ እትዬ ይመልሳሉ።

— እትዬ፣ ግድግዳ የሚባል አይኖርም። ሐሳብ እንደ ልብ ይዘዋወራል!
— የሐሳቡን እንጃ፣ ጉንፋኑ ግን ይዘዋወራል።

— ፌስቡክን አያዩም? እ.ኤ.አ. በ2015 ሜንሎ ፓርክ ላይ 2,800 ያህል ሰው በአንድ አዳራሽ አስገባ። ንድፉ የፍራንክ ጌሪ ነው።
— የነሱ ጣሪያ ላይ እኮ መናፈሻ አለ፤ የታች ጫጫታ ሲሰለቻቸው ወጥተው ይተነፍሳሉ። እኛ ወጥተን ከሮቶው ጋር እናውጋ?

— ሰው ፊት ለፊት ይነጋገራል ብዬ ነው።
— እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የሃርቫርድ ጥናት አለልህ። ቢሯቸውን ክፍት ባደረጉ ሁለት ትልልቅ ድርጅቶች የፊት ለፊቱ ንግግር 70 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ኢሜይሉ ጨመረ። ሁሉ እየሰማው ማን ያወራል?

— የረበሸው ማዳመጫ ያድርጋ።
— ግድግዳውን ከወለል ነቅለህ ጆሮ ላይ ልትተክለው ነዋ!

— ኮርኒሱም ይነሣል። አሁን ፋሽኑ ባዶ ኮንክሪት ነው።
— ኮንክሪትና መስታወት ድምፅ አይውጡም፣ መልሰው ይተፋሉ። አንዱ «ሄሎ» ሲል ሦስቱ «አቤት» ሊሉ ነው።

— ታዲያ ምን ይሻላል?
— ምንጣፍ አንጥፍ፤ ወፍራም መጋረጃ ስቀል፤ ለስልክ የምትዘጋ ትንሽ ክፍል ለይ። ኮድ የሚጽፈውን ቀኑን ሙሉ ስልክ ከሚያወራው ሽያጭ ጋር አታጎራብተው።

— መሃል ላይ ጆተኒ አስቤያለሁ።
— እኔ ወር ስዘጋ እነሱ «ጎል!» ካሉ፣ ቁጥሩ በማን መረብ ሊያርፍ ነው?

— ለእንግዳም ለሠራተኛም ዘና የሚያደርግ ፑፍ ይገባል።
— ይግባ። ከፑፉ ላይ እኔን የሚያነሣ ሰው ግን በበጀቱ ያዝልኝ።

— የራሱ ጠረጴዛ ያለው አይኖርም፤ ቀድሞ የመጣ የወደደው ቦታ ይቀመጣል።
— እንደ ሚኒባስ በለኛ! የዘገየው ሞተር ላይ ሊቀመጥ?

— እርስዎ ለውጥ አይወዱም።
— እወዳለሁ እንጂ። ይልቅ ይሄ ጥግ ላይ፣ መስኮቱ ጋ፣ በር ያለው ክፍል የማን ነው?
— እ... የእኔ። ምስጢር የሚወራበት ጊዜ አለ ብዬ ነው።
— ደግ። እኔን መሃል አዳራሽ አስቀምጠኝ፤ ፔሮሉን ስከፍት ግልጽነቱ ካንተ ደሞዝ ይጀምራል!