ከፍለን ያስተማርነው ኩባያ ማጠብ

ዴንቨር

ይድረስ ለእታለም፣ ፍኖተ ሰላም፤

እዚህ በረዶ ነው፤ እናንተ ዘንድ በቆሎ መፈልፈል ሳይጀመር አይቀርም።

«ልጅህ ተማሪ ቤት ገባ ወይ?» ብለሽኝ ነበር። ገብቷል። ወርኃዊ ክፍያውን ግን አልነግርሽም፤ እማዬ ከሰማች ስንት በሬ እንደሚገዛ አስልታ ትታመማለች። በዚያ ሁሉ ብር የተማረው ኩባያ ማጠብ፣ ከማንቆርቆሪያ ውኃ ሳያፈስ መቅዳትና ወለል መጥረግ ነው። ቡሬ ያሉት የአጎታችን ልጆች ይህን በነጻ ጨርሰው ከብት ማገድ ላይ ደርሰዋል።

ዘዴው ሞንተሶሪ ይባላል። ማሪያ ሞንተሶሪ የምትባል የጣሊያን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ ለደሃ ሠራተኞች ልጆች የጀመረችው ነው፤ ደሃው በየት በኩል ሾልኮ እንደወጣ እንጃ። ጣሊያን መሆኗን ለአባባ ቀስ ብለሽ ንገሪው። ከሞሶሎኒ ተጣልታ እ.ኤ.አ. በ1934፣ እኛን ሊወር ዓመት ሲቀረው፣ አገሯን ጥላ የወጣች ናት ብትይው ይምራታል።

ልጁ ሥራውን ራሱ ይመርጣል። ምንጣፉን ዘርግቶ ዶቃ ይቆጥራል፦ አንድ ፍሬ ዶቃ አንድ ነው፤ አሥሩ በሽቦ ተሰክቷል፤ መቶው ጠፍጣፋ ነው፤ ሺው እንደ ሣጥን ተደራርቧል። ሺውን አንስቶ «አባዬ፣ ይከብዳል!» አለኝ። እኔ ሺን ያወቅሁት በጩኸት ነው። መምህርቷ ዝም ብላ ታየዋለች፤ ሲሳሳት እንኳ አትናገርም። መጀመሪያ ያመማት መስሎኝ ነበር።

አንቺስ በምታስተምሪበት ትምህርት ቤት ማበልጸጊያ ማዕከል በቆርኪና በካርቶን ይህንኑ ስትሠሪ ማን ስም አወጣልሽ? የትምህርት ፖሊሲው ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ይሳተፍ ይላል፤ ቆርኪውን ለሰባ ልጅ ማዳረስ ግን ያንቺ ዕዳ ሆነ። አባባ ዋሸራ ቅኔ ሲማር ጥላ ፈልጎ ብቻውን ሲቆጥር ውሎ ለየኔታ የሚያቀርበው የገዛ ራሱን ቅኔ ነበር፤ የሰው ይዞ ቢቀርብ ጉድ ይፈላ ነበር። እኛ ደግሞ ከብቱን ቆጥሮ የሚያስገባውን ልጅ ክፍል ሲደርስ «እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥ» እንለዋለን። የአባባን ነገር ለመምህርቷ ብነግራት ማስታወሻ አውጥታ ጻፈች።

በሚመጣው ወር ወላጆች የእጅ ሥራ ያሳያሉ ተብሏል። እንዝርትና ጥቂት ባዘቶ በሰው ላኪልኝ፤ የቡሬ በርበሬም አይረሳ። እኔ መፍተል ስለማልችል እማዬ ልጆቹን በኢሞ ታስተምራቸዋለች። ኩርኩም በስልክ እንደማያልፍ ለመምህርቷ አረጋግጬላታለሁ።

ወንድምሽ