የራቁት ክኒን ውዳሴ

ወደ ዱባይ፣ ወደ ሪያድ ወይም ወደ ካይሮ የሚሄድ መንገደኛ ሻንጣውን ሲያሰናዳ ከሚያሳያቸው ጥበቦች ሁሉ የላቀው መድኃኒትን ከካርቶኑ የመገላገል ጥበብ ነው። በዚህ ጥበብ መሠረት የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ አምራቹና የአገልግሎት ዘመኑ የታተመበት ካርቶን ቦታ ይይዛል ተብሎ ይጣላል፤ የማብራሪያ ወረቀቱም ማንም አያነበውምና አብሮት ይሄዳል፤ የሐኪም ማዘዣው ደግሞ የሰውን ገመና ለባዕድ ማሳየት ነውር ስለሆነ ከቤት ይቀራል፤ ክኒኖቹም ከስትሪፑ አንድ በአንድ ተፈልቅቀው በትንሽ ፌስታል ይቋጠሩና ካልሲ ውስጥ ይሸጎጣሉ። በዚህ ዘዴ የሚተርፈው ክብደት ጥቂት ግራም ቢሆንም፣ በዚያው ሻንጣ ውስጥ ስምንት ኪሎ በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ ተጠቅጥቆ ሳለ ቁጠባው ከአንድ ቦታ መጀመር ነበረበትና ከካርቶኑ መጀመሩ አያስነቅፍም።

የጥበቡ ከፍተኛ ማዕረግ ግን የራስን ሳይሆን የሌላ ሰውን ክኒን መያዝ ነው። መንገደኛው ሊነሣ ሰዓታት ሲቀሩት አንድ ዘመድ ወይም የዘመድ ጎረቤት ቦሌ ድረስ ይመጣና «ትንሽ ነገር ናት፣ ለእህቴ ናት፣ ለወገቧ፤ አደራህን» ብሎ ቋጠሮውን መዳፉ ላይ ያኖራል። አደራ በሰማይም በምድርም ከባድ ስለሆነ፣ ተቀባዩ ቋጠሮውን ፈትቶ ቢመለከት ወይም የመድኃኒቱን ስም ቢጠይቅ ላኪውን በሌብነት የጠረጠረ ይመስላል። ስለዚህ ጨዋ ሰው አይጠይቅም። ጥቂት ቆይቶ የአየር መንገዱ ሠራተኛ «ሻንጣውን ያሰናዱት ራስዎ ነዎት? ከሌላ ሰው የተቀበሉት ነገር አለ?» ሲል፣ ይኸው ጨዋ ሰው ለመጀመሪያው «አዎ»፣ ለሁለተኛው «የለም» ይላል። አደራ ደግሞ ምስጢር ነው።

ሕግን በተመለከተ የጥበቡ ሊቃውንት «መድኃኒት ያው መድኃኒት ነው፤ አገር ቤት የተሸጠ ነገር ውጭ አገር ወንጀል አይሆንም» የሚል ጽኑ መርህ አላቸው። መንግሥታት ይህን መርህ ሳይሰሙ ቀርተው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ስለ ናርኮቲክ መድኃኒቶች፣ ማለትም ሕመምን ስለሚያደነዝዙና ሱስ ስለሚያስይዙ ንጥረ ነገሮች፣ በ1971 ደግሞ ስለ ሳይኮትሮፒክ መድኃኒቶች፣ ማለትም የአእምሮን ሥራ ስለሚለውጡት፣ ሁለት ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን አጸደቁ። በአንዳንድ የሳልና የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶች ውስጥ የሚገኘው ኮዴይን በመጀመሪያው፣ ለጭንቀት የሚታዘዘው ዲያዜፓም በሁለተኛው ሥር ይውላሉ። ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚወሰደው ትራማዶል በሁለቱም የለም፤ ይህ ግን መንገደኛውን ነፃ ያወጣዋል ማለት ሳይሆን፣ እያንዳንዱ አገር የፈቀደውን ይወስንበታል ማለት ነው። ግብፅ ወስናለች። እ.ኤ.አ. በ2017 አንዲት እንግሊዛዊት ጎብኚ ለግብፃዊ ወዳጇ የጀርባ ሕመም ያለቻቸውን 290 የትራማዶል ክኒኖች ይዛ ወደ ሁርጋዳ ገባች፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይም የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደባት።

ጥበቡ ለተቀባዩ አገር የሚያስገኘው በረከት ደግሞ ሊዘነጋ አይገባም። ካርቶንና ማዘዣ ያላት ክኒን ለማንም ሥራ አትፈጥርም፤ የጉምሩክ ሠራተኛው ስሟን ያነባል፣ ከዝርዝሩ ጋር ያስተያያል፣ ከዚያ ያሳልፋታል ወይም ያስቀራታል። ራቁቷን የመጣች ክኒን ግን የስንት ሰው እንጀራ ናት! ሠራተኛው አለቃውን ይጠራል፤ አለቃው አገላብጦ አይቶ ነጭ፣ ክብ፣ መሐሏ ላይ መስመር ያላት መሆኗን ያስመዘግባል፤ ጓንት ባጠለቀ እጅ ተነሥታ፣ መንገደኛው ለፓስፖርቱ ከተነሣው በጠራ ሁኔታ ፎቶግራፍ ትነሣለች፤ ቀድሞ የነበራት እሽግ በመጣሉም አዲስ ባለ ቁጥር ከረጢት ተገዝቶ ትታሸጋለች። ከዚያ አጃቢ ተመድቦላት በመኪና ወደ ላቦራቶሪ ትሄዳለች፤ በዚያም ኬሚስቱ ቆርሶ፣ ፈጭቶ፣ በፈሳሽ አሟሙቶና በመሣሪያ አንጥሮ ከብዙ ድካም በኋላ፣ የተጣለው ካርቶን ላይ በትልቁ ታትሞ የነበረውን ስም ያገኛል። ስሙ በዐረብኛ ተጽፎ ማኅተም ይመታበታል፤ አስተርጓሚ ተፈልጎ ወደ አማርኛ ይመለሳል፤ መንገደኛውም የተሸከመውን መድኃኒት ስም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ያን ጊዜ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ክስ ያረቃል፣ ጠበቃው ክፍያ ይቀበላል፣ ቆንስላው ደብዳቤ ይጽፋል፣ ዳኛው ቀጠሮ ይሰጣል። አንዲት ካርቶን የጎደላት ክኒን በዚህ መንገድ ወፍራም መዝገብ ትጎናጸፋለች፤ በመዝገቡ ላይ ስሟ፣ ክብደቷ፣ የገባችበት ቀንና የተያዘችበት ሰዓት ሳይቀር ይሰፍራል። የሚጎድላት የአገልግሎት ዘመን ብቻ ሲሆን፣ እርሱንም ዳኛው ለመንገደኛው በዓመት ቆጥሮ ይሞላዋል።

ሌሎች አገሮችም በዚህ በረከት ተካፋይ ናቸው። ጃፓን ከ10 በመቶ በላይ ሱዶኤፌድሪን ያለበትን የጉንፋን መድኃኒት አታስገባም፤ አምፌታሚን ያለበትን ደግሞ የሐኪም ማዘዣ ቢኖረውም ትከለክላለች። ሲንጋፖር ለአንዳንድ የእንቅልፍ ክኒኖች አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅን ታዛለች። በጋዜጣ ተጠቅልሎ ስለሚሄደው ስም የለሽ የባህል መድኃኒት ዱቄት ግን ዝም ማለት ይሻላል፤ የጉምሩክ ሠራተኛ ነጭ ወይም ቡናማ ዱቄት ሲያይ አስቀድሞ ወደ ልቡ የሚመጣው ዳማከሴ አይደለም።

እውነቱን ለመናገር ይህ ጥበብ ሳይሆን ድድብና ነው። ካርቶን አይከብድም። ላኪውም ሆነ ተሸካሚው ክፉ ሐሳብ ላይኖራቸው ይችላል፤ ነገር ግን ኬሚስቱ የሚመረምረው ክኒኑን እንጂ ሐሳባቸውን አይደለም። በእርግጥ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ሐኪም ቤት መሄድ ሊቸግራት ይችላል፤ ወገቧ ማመሙም እውነት ነው፤ ሆኖም ያልታዘዘላትን መድኃኒት በእጇ ማስገባት በሕመሟ ላይ ክስ መጨመር ነው፤ በቋጠሮው የሚጠየቀው አምጪው ብቻ ላይሆን ይችላልና።

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ቁጥጥር የሚደረግበትን መድኃኒት ለራሱ ሕክምና የሚይዝ መንገደኛ፣ ከመነሣቱ በፊት የሐኪም ማዘዣውንና የሕክምና ማስረጃውን አያይዞ ለሚመለከተው የአገሪቱ መንግሥት አካል በኢንተርኔት ማመልከት ይችላል፤ በሳዑዲ ዓረቢያም የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ ተመሳሳይ ፈቃድ ይሰጣል። የሁለቱም አሠራር ግን አንድ የማይቀር ጉድለት አለበት፤ የአመልካቹን ስም፣ የመድኃኒቱን ስምና የታዘዘለትን ሰው ስም ይጠይቃል፤ አደራ ላኪ ደግሞ ከሦስቱ የሚያውቀው የእህቱን ስም ብቻ ነው። እርሱም ቦሌ ላይ ተሳስሞ ተሰናብቶ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ስልክ እየደወለ ይጠብቃል፤ ሳምንት አልፎ ቋጠሮው አለመድረሱን ሲሰማ ስለ ሰው አለመታመን በምሬት ተናግሮ፣ በሚቀጥለው በረራ የሚሄድ ሌላ ሰው ያፈላልጋል።