ከቫምፓየር ጋር ደባል ለሚገቡ

ኒውዚላንድ፣ ዌሊንግተን ከተማ፣ ቴ አሮ ሰፈር አራት ቫምፓየሮች በጋራ የሚኖሩበት ቤት አለ። ደባል ሊገቡ ካሰቡ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ይስሙኝ።

ቤቱን ያስጎበኙን ታይካ ዋይቲቲና ጀሜይን ክሌመንት ናቸው፤ በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው «ዋት ዊ ዱ ኢን ዘ ሻዶውስ» በተባለው ዘጋቢ መሳይ ፊልማቸው። የቀረጻ ባለሙያዎቹ መስቀል አንጠልጥለው ነው የገቡት፤ ቫምፓየሮቹም ላይነኳቸው ቃል ገብተዋል። ለእርስዎ የተገባ ቃል የለም። ማተብዎን አያውልቁ።

አንቱታውን ከመጀመሪያው ቀን ያስተካክሉ። ዲከን ገና 183 ዓመቱ ነውና አንተ ቢሉት ያስኬዳል። ቪያጎ 379፣ ቭላዲስላቭ 862 ናቸው፤ እነዚህን አንቱ ይበሉ። ምድር ቤት የሚተኙት ጋሽ ፒተር ግን 8000 ዓመታቸው ስለሆነ በቤት ስብሰባ ላይ ለምን አልተገኙም ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ሲወርዱ ዶሮ ይያዙላቸው። የሚበሉት ግን ሠርተው አይደለም፤ ከነሕይወቷ ነው።

ዋናው ጉዳይ ሳህን ነው። የዲከን የማጠብ ተራ ከደረሰ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ደም የደረቀበት ሳህን ቁልል ማድ ቤቱን ሞልቶታል። መቼም የማይሞት ሰው «ነገ አጥባለሁ» ሲል ነገ የሚባለው ነገር ማለቂያ የለውም፤ ስለዚህ ተራውን በጽሑፍ ያስፈርሙ። ጭቅጭቁ የእውነት ቢመስልዎ አይገረሙ፤ ተዋንያኑ ብዙውን ንግግር እዚያው እየፈጠሩ 125 ሰዓት ያህል ተቀርጾ ነው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል የወረደው። በእኔ ግምት ከሳህኑ ጠብ የሚበልጥ ትዕይንት የለውም፤ ደም የሚረጭበትን ጨምሮ።

ስለ ደም ከተነሳ፣ ቪያጎ ጨዋ ናቸው። እንግዳ ሊነክሱ ሲሉ ሶፋው እንዳይበላሽ ጋዜጣና ፎጣ ያነጥፋሉ። ዋናውን ደም ሥር ሲመቱት ደግሞ ጣሪያና ግድግዳው ሁሉ ይታጠባል። ጋዜጣ አይጣሉ፤ አሮጌውንም ቢሆን ያጠራቅሙ።

ቫምፓየር ካልተጋበዘ ደጅ አያልፍም። ማታ ለመዝናናት ሲወጡ ጭፈራ ቤት በራፍ ላይ ዘበኛውን «ግቡ በለን» እያሉ የሚለማመጡት ለዚህ ነው። እኛ ደግሞ በር ላይ የቆመ ካየን «ይግቡ እንጂ! ምነው ደጅ ቆመው?» ሳንል አናድርም። ይህን ወግ ለጊዜው ይተዉት፤ ያለዎት ቁልፍ አለመጋበዝ ብቻ ነው።

አንዴ ተነክሰው ቫምፓየር ከሆኑ ዝም ይበሉ። ኒክ የሚባለው አዲስ ገቢ በየመጠጥ ቤቱ «እኔ ቫምፓየር ነኝ» ሲል ወሬው የቫምፓየር አዳኝ ጆሮ ደርሶ ጋሽ ፒተርን ፀሐይ አቃጠላቸው። 8000 ዓመት ኖሮ በደባል አፍ መሞት! ኒክን ልምሰል ከሚሉ ጓደኛውን ስቱን ይምሰሉ። የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ብዙ አያወራም፤ ኢንተርኔት ከፍቶ የፀሐይ መውጣትን በቪዲዮ ስላሳያቸው ሁሉም ወደዱትና ላይበሉት ተስማሙ። ስቱን የተጫወተው ሰው በኑሮውም ሥራው ያው ነበር። ሙያ ያስከብራል የሚባለው እዚህ ቤት ቀልድ አይደለም።

ፖሊስ ይመጣል ብለው አይመኑ። ሁለት ፖሊሶች መጥተው ነበር፤ አፍዝ አደንግዝ ስለተደረገባቸው ሬሳ እያዩ አልፈው የጭስ ማስጠንቀቂያ አለመኖሩን ገሥጸው ሄዱ።

በሎሌነት ልግባ ካሉ ደግሞ የጃኪን ነገር ይጠይቁ። ልጆች ያሏት ባለትዳር ናት፤ የዲከንን ሸሚዝ ስትተኩስ፣ ደም ስትጠርግ የኖረችው «ዘላለማዊ አደርግሻለሁ» ስላላት ነው። ዲከን ዛሬ ነገ ሲል የነከሳት ኒክ ሆነ። ቫምፓየር በሆነች ማግሥት የሸሚዙና የመጥረጊያው ሥራ ለባሏ ተላለፈ፤ ስለዚህ ከማመልከትዎ በፊት ከባለቤትዎ ጋር ይመካከሩ።