13 ዓመት በ13 ሰዓት

ለ፦ በታላቁ የውቅያኖስ መንገድ የአንድ ቀን ጉብኝት ለምታዘጋጁ ድርጅቶች በሙሉ
ሜልበርን፣ አውስትራሊያ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ



ከላይ በጉዳዩ እንደተጠቀሰው ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ለምስጋና ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወደ 3,000 የሚጠጉ የአውስትራሊያ ወታደሮች እ.ኤ.አ. ከ1919 እስከ 1932 በዶማ፣ በአካፋና በድማሚት ገደል እየፈለፈሉ የሠሩትን መንገድ እናንተ ማለዳ ጀምራችሁ ማታ ትጨርሱታላችሁ። 13 ዓመት የፈጀው ሥራ በ13 ሰዓት ይጎበኛል፤ ያውም ምሳና ሻይን ጨምሮ። ለአንድ ዓመት ድካም አንድ ሰዓት ደረሰው ማለት ነው። ይህን የመሰለ ቅልጥፍና በሌላ መሥሪያ ቤት ቢገኝ ኖሮ ሠራተኛው ይሸለም ነበር።

እርግጥ መንገዱ ከቶርኪ እስከ አላንስፎርድ 243 ኪሎ ሜትር ነው፤ እናንተ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፖርት ካምቤል አካባቢ ስትደርሱ ትዞራላችሁ። ከዚያ ወዲያ ያሉት ፒተርቦሮና በባሕሩ ላይ የተበተኑት የ«ደሴቶች ባሕረ ሰላጤ» ዓለቶች መርሐ ግብሩ ውስጥ የሉም። ደግነቱ ማንም አይቀየምም፤ መንገደኛው መንገዱ እዚያ የሚያልቅ ነው የሚመስለው።

ጉዞው የሚጀምረው በሐበሻ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ነው። ማስታወቂያችሁ «ትንሽ ቡድን» ይላል። አንዳችሁ ዘንድ ትንሽ ማለት 11 ሰው ነው፤ ሌላችሁ ዘንድ 24። ወንበሩ እስኪሞላ ድረስ ቡድኑ ትንሽ ነው። የአዲስ አበባ ታክሲ ረዳት ይህን ስሌት ቢሰማ የሙያ ወንድሞቹን አገኘ ማለት ነው።

ከመንገደኞቹ አንዷ ፉትስክሬይ የሚኖሩ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ እናት ናቸው እንበል። ምዕራብ ሜልበርን ያለው ፉትስክሬይ የእንጀራና የቡና ሰፈር ከሆነ ዓመታት ተቆጥረዋል። ልጆች የሥራ ፈረቃቸው አላመች ሲላቸው እናታቸውን ለእናንተ አደራ ይሰጣሉ፤ ለቋንቋው ደግሞ የልጅ ልጃቸውን አብረው ይልካሉ። አደራውን የሚረከበው አንድ ሰው ነው። ሹፌሩም፣ አስጎብኚውም፣ ሻይ ቀጂውም፣ ሰዓት ተቆጣጣሪውም እሱው። ከጆሮው በተንጠለጠለች ማይክራፎን ታሪክ እያወራ፣ አንዴ ኩርባውን አንዴ ሰዓቱን እያየ ይነዳል። በዚህ ሰው ላይ ይህ ደብዳቤ አንዳች ቅሬታ የለውም፤ ለእሱ የሚቀርበው ምስጋና የምር ነው።

ስለ አቀማመጡም ማመስገን ይገባል። አውስትራሊያ ውስጥ የሚነዳው በግራ ነው፤ ከሜልበርን ወደ ምዕራብ ሲኬድ ባሕሩም በግራ ነው። ስለዚህ የግራው መስኮት የደረሰው መንገደኛ የባስ ሰርጥን ማዕበል እያየ ይጓዛል። የቀኙ የደረሰው ደግሞ የተቆረጠ ገደልና «ድንጋይ ይወድቃል» የሚል ማስጠንቀቂያ ያያል። የከፈሉት ግን እኩል ነው። «የተገላቢጦሽ ጉዞ» የሚል መላ የዘየዳችሁም አላችሁ። ጠዋት በኮላክ በኩል መሃል አገሩን አቋርጦ መጀመሪያ «አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት» የሚባሉት የባሕር ምሰሶዎች ጋ መድረስ፣ ከዚያ በባሕሩ ዳር መመለስ። ሕዝብ ሳይሞላ መድረሱ ብልህነት ነው። ሆኖም በዚህ አቅጣጫ መኪናው የሚይዘው በገደሉ በኩል ያለውን መስመር ስለሆነ ባሕሩ ከተቃራኒው ትራፊክ ማዶ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ምስጋና። ከሎርን ከተማ በፊት፣ ኢስተርን ቪው ላይ፣ ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ተተክሎ ከላይ የሚገናኝ የእንጨት ቅስት አለ። እዚያ ታቆማላችሁ። መንገደኛው ይወርዳል፣ ሰልፊ ይነሣል፣ ይሳፈራል። እናቲቱ «ይሄ ምንድነው?» ሲሉ የልጅ ልጃቸው «መግቢያው በር ነው፣ እማማ» ትላቸዋለች። ልጅቷ አትወቀስም፤ በር ነው የሚመስለው።

ቅስቱ ግን የመታሰቢያ ምልክት ነው፤ መንገዱ ራሱ ደግሞ ሐውልት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞቱት አውስትራሊያውያን ከ60 ሺህ ይበልጣሉ። መንገዱን ከጦርነቱ የተረፉት ጓዶቻቸው ሠርተው ለእነሱ መታሰቢያ አደረጉት፤ በዓለም ትልቁ የጦርነት ሐውልት እየተባለም ይጠራል። ይህ ቢነገራቸው እናቲቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ነፍስ ይማር» ባሉ ነበር። ሳይነገራቸው ግን በሟቾች መታሰቢያ ሥር ቆመው በሁለት ጣት የድል ምልክት እያሳዩ ፎቶ ተነሥተዋል። ለአልበም የሚሆን ነው።

ሠራተኞቹ በቀን ስምንት ሰዓት ሠርተው የሚከፈላቸው 10 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ነበር። ቅዳሜም ግማሽ ቀን ይሠራሉ፤ የሚያድሩት በድንኳን ነው። ካምፑ ውስጥ ፒያኖና ግራሞፎን፣ ጋዜጣም ነበራቸው። ድማሚቱን የሚያፈነዱት ማቀጣጠያዎች በመኪና ሲጓጓዙ እንዳይናወጡ ወታደሮቹ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይይዟቸው ነበር፤ መኪናው ላይ ከዚያ የሚለሰልስ ቦታ አልነበረማ! ዛሬ በዚያው ኩርባ መንገደኛው ጉልበቱ ላይ የሚያስቀምጠው ስልኩን ነው። ከወታደሮቹ መካከል በሥራው ላይ የሞቱም አሉ።

ሳቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 ካዚኖ የምትባል የእንፋሎት መርከብ ኬፕ ፓተን አጠገብ ከዓለት ጋር ተላተመች፤ ሸክሟን ለማቃለልም 500 በርሜል ቢራና 120 ሣጥን ሌላ መጠጥ ወደ ባሕር ጣለች። ማዕበሉ በረከቱን ወደ ዳር ሲያወጣው መንገድ ሠሪዎቹ ሁለት ሳምንት ሥራ ፈቱ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ዳርቻ ይህን የመሰለ የመርሐ ግብር መዛነፍ አልተሰማም፤ ለዚህም የምትመሰገኑት እናንተ ናችሁ።

የመንገዱን ሥራ የመራው የጂሎንግ ከንቲባ የነበረው ሃዋርድ ሂችኮክ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1932 ምረቃው ሲደርስ እሱ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ሞቶ ነበር። መኪናው ግን በምረቃው ሰልፍ ከምክትል አገረ ገዥው መኪና ኋላ ያለ ባለቤቷ ተነዳች። ይህን ታሪክ ለመናገር ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ግን በመርሐ ግብሩ ላይ ሦስት ደቂቃ ከየት ይመጣል?

ከሎርን በኋላ ዋይ ሪቨርን ታልፋላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 በፈረንጆች ገና ዕለት የሰደድ እሳት ከጎረቤቷ ከሴፓሬሽን ክሪክ ጋር 116 ቤት የበላባት መንደር ናት። እንዲህ ያለ መንደር የሚጠቀመው አልጋ በሚከራይ፣ እራት በሚበላ፣ ጠዋት ቡና በሚጠጣ እንግዳ ነው። የእናንተ እንግዳ ግን የሚተኛው ሜልበርን፣ የሚከፍለውም ሜልበርን ነው፤ ለመንደሯ የሚተርፋት የጎማ ድምፅ ብቻ ነው። ምስጋናው እዚህ ላይ ትንሽ ያንገራግራል።

ኬኔት ሪቨር ላይ አንገት ሁሉ ወደ ላይ ይቃናል፤ ኮዋላ ፍለጋ። እናቲቱ የሚያዩት ግን ዛፉን ነው። «ይሄማ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ነው!» ይላሉ፤ ወገኑን አልሳቱም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን የማገዶ እጦት ሲያስጨንቃት መጥቶ የተተከለላት ነጭ ባሕር ዛፍ የተፈጥሮ አገሩ ታዝማኒያና የቪክቶሪያ ደቡብ ነው፤ እነዚህ የኦትዌይ ተራሮችም ጭምር። በልጅነታቸው ቅጠሉን ለጉንፋን የታጠኑበት፣ ጭራሮውን የለቀሙበት ዛፍ የትውልድ አገር ላይ ቆመዋል። አስጎብኚው ይህን ቢሰማ ለሌሎቹም መንገደኞች የሚያወራው አዲስ ታሪክ ባገኘ ነበር፤ ግን ሰዓት አልፏል፣ ጡሩምባ ተነፍቷል። ኮዋላው በቀን እስከ 20 ሰዓት ይተኛል። በመርሐ ግብሩ ውስጥ የማይቸኩል ፍጡር እሱ ብቻ ነው።

አፖሎ ቤይ ላይ ምሳ። ማይትስ ሬስት ላይ ፈጣን የጫካ ርምጃ።

ከዚያም የቀኑ ቁንጮ፣ አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት። እናቲቱ መመልከቻው ላይ ሆነው መቁጠር ይጀምራሉ። ይደግማሉ። ስምንት የሚል አለ፣ ሰባት የሚል አለ፤ 12 ሆነው ግን ድሮም አያውቁም። የቀድሞ ስማቸው «እናት አሳማና ግልገሎቿ» እንደነበር አስጎብኚው ሲናገር የልጅ ልጃቸው ይህንን ሳትተረጉም አልፋዋለች፤ ጥሩ ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. ጁላይ 3 ቀን 2005 ደግሞ 50 ሜትር ገደማ ቁመት የነበረው አንዱ ምሰሶ ተንዶ የድንጋይ ክምር ሆነ። እናቲቱ በዚህ አይደናገጡም። ይሁዳ ሲጎድል ማትያስ በዕጣ መተካቱን ያውቃሉና የሚጠይቁት ሌላ ነው፦ «ታዲያ በዚህኛው ፈንታ ማንን ተኩ?»

በቀኑ ውስጥ የተጠየቀ ምርጥ ጥያቄ ይህ ነው፤ መልስም አለው። ማዕበሉ የኖራ ድንጋዩን ገደል ከሥሩ ይቦረቡረዋል፤ ቡርቡሩ ዋሻ ይሆናል፤ ዋሻው ወዲያ ማዶ ሲበሳ ቅስት ይሆናል፤ የቅስቱ አናት ሲናድ ምሰሶው ብቻውን ባሕር ውስጥ ይቀራል። ማዕበሉ የምሰሶዎቹን ሥር በዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል እንደሚበላ ይገመታል። ስለዚህ ተተኪው ሐዋርያ ዛሬም ከገደሉ እየተፈለፈለ ነው። መንገደኞቹ ግን መልሱን ሳይሰሙ፣ ሄሊኮፕተሮች ከላይ እያጓሩ፣ ወደ መኪናው ተጠርተዋል።

ይህን ዳርቻ በበቂ ጊዜ የተመለከቱ ሁለት ሰዎች በታሪክ ተመዝግበዋል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1990 «የለንደን ድልድይ» ይባል የነበረው የተፈጥሮ ቅስት ወደ ምድር የሚያገናኘው ክፍሉ ሲናድ ሁለት ጎብኚዎች ከባሕሩ በኩል ባለው ክፍል ላይ ቀሩ፤ ሄሊኮፕተር መጥቶ እስኪያወጣቸውም «ቶሎ በሉ» የሚላቸው አልነበረም። የእናንተ ደንበኞች ቢሆኑ ኖሮ መኪናው ጥሏቸው ይሄድ እንደነበር መገመት ነውር አይሆንም።

ሎክ አርድ ሸለቆ ላይ ግን ቀልዱ ይቁም። እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 1878 ከእንግሊዝ ሦስት ወር ተጉዛ ሜልበርን ልትደርስ ጥቂት የቀራት መርከብ እዚህ ተሰባበረች። ከ54 ሰዎች የተረፉት ሁለት ናቸው፦ ቶም ፒርስ የሚባል ተለማማጅ መርከበኛና ኢቫ ካርማይክል የምትባል አየርላንዳዊት ወጣት። እሱ ከማዕበሉ ጎትቶ አወጣት፤ ቀጥሎ ገደሉን ወጥቶ እርዳታ አመጣ። እሷ ወላጆቿንና እህት ወንድሞቿን በአንድ ሌሊት አጣች። ሕዝቡ እንዲጋቡ ተመኝቶ ነበር፤ አልተጋቡም፣ እሷ ወደ አየርላንድ ተመለሰች። እ.ኤ.አ. በ2009 በአቅራቢያው የነበረ ሌላ ቅስት ሲናድ ብቻቸውን የቀሩት ሁለት ምሰሶዎች ቶም እና ኢቫ ተባሉ። ወደ አሸዋው የሚያወርድ ደረጃ አለ። በብዙ መርሐ ግብር ላይ ግን ወርዶ ለመቀመጥ የሚሆን ጊዜ የለም።

ከዚያ በኋላ መመለስ ነው፤ በኮላክ በኩል፣ ባሕር በማይታይበት አውራ ጎዳና፣ ሦስት ሰዓት ገደማ። አብዛኛው መንገደኛ ይተኛል፤ እናቲቱም ጭምር። ማታ ልጆቻቸው «እንዴት ነበር?» ሲሏቸው «ደስ ይላል፣ ግን ብዙ ተቀመጥን» ይላሉ።

ከምስጋናው ጋር አብሮ የሚቀርብ ልመና አለ። የእንጨት ቅስቱ ጋ ስትደርሱ የመኪናው በር ሳይከፈት ሞተሩ ይጥፋ፤ አስጎብኚው ፊቱን ወደ ሰዎቹ አዙሮ ስለሠሩትና ስለሞቱት ይንገራቸው፤ ፎቶው ከዚያ በኋላ ነው። ማስታወቂያችሁ ላይ የሚጎበኙት ቦታዎች ስም ብቻ ሳይሆን ስንት ሰዓት በወንበር፣ ስንት ደቂቃ በእግር እንደሆነ ይጻፍ። ሁለት ቀን ያለው ሰው አፖሎ ቤይ ወይም ፖርት ካምቤል እንዲያድር አድርጉ፤ መንደሮቹም ያገኙበታል። አንድ ቀን ብቻ ላለው ደግሞ ጉዞውን አፖሎ ቤይ ላይ አቁሙለት። ሐዋርያቱን ሳያይ ይመለሳል፤ ይመለስ። መንገዱን በደንብ ያየ ሰው ሐዋርያቱን ሮጦ ካየ ሰው የተሻለ ጎብኝቷል። ይህ ሽያጭ ይቀንሳል የምትሉ ከሆነ «ትንሽ ቡድን» ላላችሁት ቃል ታማኝ መሆኛው ጊዜ አሁን ነው፤ ትንሽ ቡድን ጥቅሙ መቆም መቻሉ ነውና።



ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለቀጣዩ መንገደኛ
ከሜልበርን በባሕሩ ዳር ወደ ምዕራብ ከሄዱ በግራ መስኮት ይቀመጡ፤ ጉዞው የተገላቢጦሽ ከሆነ በቀኝ።