ፒያሳ ያስታረቀው ትዳር

ኤሌክትሮኒክ አርትስና ፊፋ ተፋቱ የምትሉ ሰዎች፣ እባካችሁ ወሬ አታብዙ። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አብረው የእግር ኳስ ቪዲዮ ጌም ሲያወጡ የኖሩት ሁለቱ፣ በ2022 የወጣውን ፊፋ 23 የመጨረሻ ልጃቸው አድርገው ተለያይተዋል፤ በዓመቱ የመጣውም ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 ተባለ። ይህ ግን የፈረንጅ አገር ወሬ ነው። ፒያሳ ላይ ትዳሩ እንደጸና ነው። «ፊፋ 25፣ ኦሪጅናል፣ ለፕሌይስቴሽን 2» ተብሎ ከወጣቱ ኳስ ተጫዋች ከላሚን ያማል ፎቶ ጋር ይሸጣል።

ጥበቡን እዩልኝ። ሶኒ ፕሌይስቴሽን 2ን እ.ኤ.አ. በ2000 አውጥቶ በ2013 መግቢያ ላይ ማምረት አቆመ። ለዚያ ማሽን የተሠራው የመጨረሻው ፊፋም 14 ነው። ባለቤቶቹ የተዉትን ሥራ የእኛ ልጆች አንድ ኮምፒውተርና አንድ ባዶ ሲዲ ይዘው ጨረሱት፤ የድሮውን ጨዋታ ማልያ ቀየሩለት፣ ስም ጻፉበት፣ ሽፋን አተሙለት። ሲከፈት እውነትም 25 ይላል። ኳሱ ሲጀመር ግን ሁሉም የዱሮውን ሩጫ ይሮጣል፤ ያማል ሲያገባ ኮሜንታተሩ ስሙን ሳያነሳ ጮኾ ያልፋል። ምን ያድርግ? እሱ ድምፁን ሲቀዳ ልጁ ገና ፊደል ይቆጥር ነበር።

ማስታወቂያውማ ሌላ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈው ቪዲዮ ከፕሌይስቴሽን 5 የተቀዳ፣ ላቡ ሳይቀር የሚታይበት ነው። ከሥሩ «ውስን ፍሬ ነው ያለን፣ ፈጥነው ይደውሉ!»

ፈረንጆቹ እንዲህ ያለ ጽናት የላቸውም። በ2020 መጨረሻ ሳይበርፐንክ 2077 በማስታወቂያ አምሮ ወጥቶ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ሲንተፋተፍ፣ ሶኒ ጨዋታውን ከመደብሩ አውርዶ ለገዢዎች ገንዘብ መለሰ። ገንዘብ መለሰ! እኛ ዘንድ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተለጥፏል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስ ማለት ይችላል ይላል፤ ግን አዋጁ ያለው ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ነው፣ ወረቀቱ ደግሞ ዓይናችን ሥር። ደግሞስ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ስንባል «ያለ» ያልነው እኛው አይደለን?

ገዢውም ምስጋናው አይቅርበት። ይኸው ሰው እዚያው ፒያሳ ወርቅ ቤት ሲገባ አማቱን ያስከትላል፣ 18 ነው 21 ካራት ብሎ ይሟገታል፣ ሚዛኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን ያነባል፣ ሦስት ቤት ዞሮ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ጌም ሲገዛ ግን «እስቲ ቲቪው ላይ ክፈተውና ልየው» ማለት ነውር ይሆንበታል። በእጁ የያዘው ስልክ «ፊፋ 25 አለ ወይ?» ቢባል በአንድ ደቂቃ ይመልስለት ነበር፤ እሱ ግን በዚያው ስልክ የሻጩን ቁጥር ደወለበት። ሻጩ ዋሽቷል፣ ምንም ማስተባበያ የለውም። ብቻ እንዲህ የተመቻቸ ገዢ እያለ እውነት መናገር ኪሳራ መስሎ ቢታየው አልፈርድበትም።

ከእነዚህ ገዢዎች አንዱ ተናድዶ ሲዲውን ይዞ ተመለሰ። «ኮሜንታተሩ የያማልን ስም አይጠራም እኮ!»

ሻጩ ሲዲውን ገለባበጠና፣ «እሱ የ25 ችግር ነው ብራዘር፤ 26 ላይ አስተካክለውታል» አለው።

«26 ስንት ነው?»