ኮፒ ፔስት በቡና አገር

ጅማ ከተማ ውስጥ ለመንግሥት ሠራተኞች ስለ አእምሯዊ ንብረት ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። የሥልጠናውን ሪፖርት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጻፍኩት ማለት እንኳ ይከብዳል። ስለ ወባ መከላከል የተጻፈ የድሮ ሪፖርት ከፍቼ፣ «አጎበር» የሚለውን ቃል እያጠፋሁ «ፓተንት» እያልኩ ሞላሁት። አንድ ቦታ ላይ አምልጦኝ «ኅብረተሰቡ ፓተንቱን በየአልጋው በአግባቡ ዘርግቶ እንዲጠቀም ግንዛቤ ተፈጥሯል» የሚል ቀርቷል። እስካሁን የጠየቀኝ የለም። ሪፖርት የሚያነብ እንደሌለ የማውቀው እኔ ራሴ የሌሎችን አንብቤ ስለማላውቅ ነው።

ሥራዬ የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ነው፤ ባነር፣ ብሮሸር፣ የበዓል መልካም ምኞት። ወደ ሥልጠናው የሄድኩት ለውሎ አበሉ ስል ነው፤ ይህንን የምደብቀው አለቃዬም ለዚያው ስለመጣ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ አሠልጣኙ የአሜሪካውን የቡና ኩባንያ የስታርባክስን ታሪክ ሲጀምር እንቅልፌ ጠፋ። ኢትዮጵያ በ2005 እ.ኤ.አ. ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት የዚያው አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስም «ሲዳሞ» የሚል ስም ያለበት የራሱን ማመልከቻ ቀድሞ አስገብቶ ነበር። በአቶ ጌታቸው መንግሥቴ የሚመራው የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት አልበገር አለ፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቱ ኦክስፋም ዓለምን አነሳሳ፣ በሰኔ 2007 እ.ኤ.አ. ስታርባክስ ስምምነት ፈረመ።

እጄን አወጣሁ። ማይክ ይዤ ስለ ዘረፋ ተናገርኩ። በ2004 እ.ኤ.አ. የብራዚል ተመራማሪዎች በተፈጥሮው ካፌይን የሌለው ቡና አገኘን ብለው «ኔቸር» መጽሔት ላይ ያወጡትን፣ ዘሩ ግን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከእኛው ጫካ የተለቀመ መሆኑን አነሳሁ። በጌሻ ጨረስኩ፦ ከእኛ ደን ወጥቶ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታሪካ ዞሮ ፓናማ ላይ የከበረ ቡና! ድምፄ ተንቀጠቀጠ። አዳራሹ አጨበጨበ። በሻይ ሰዓት አሠልጣኙን ፍላሹን ለመንኩትና ፓወርፖይንቱን በሙሉ ገለበጥኩ። ከሥር የነበረውን ስሙን አጥፍቼ የመሥሪያ ቤታችንን ማኅተም ለጠፍኩበት፤ ንግግሬ ገና ከጆሮዬ ሳይወጣ።

ከሰዓት በኋላ የአሠልጣኙ ኮምፒውተር ተበላሸና የእኔ ተሰካ። ግድግዳው ላይ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በትልቁ በራ፤ ከጥጉ ደግሞ የእኔው ዊንዶውስ ሕጋዊ አለመሆኑን የሚያሳብቅ ጽሑፍ አብሮ በራ። አዋጁ ሲወጣ ባሰፈረው ቅጣት ሆን ብሎ መብት የጣሰን ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ በከባድ ቸልተኝነት የጣሰን ከ1 እስከ 5 ዓመት በጽኑ እስራት ይቀጣ ነበር። የሠራኋቸውን ባነሮች በልቤ ማባዛት ጀመርኩና የልጅ ልጆቼ ተራ ሲደርስ አቆምኩ። ሠራተኛ በቅጥሩ የሠራው ሥራ፣ ሌላ ውል ከሌለ በቀር፣ ባለቤትነቱ የአሠሪው ነው ሲባል ግን ተስፋ አየሁ። ታዲያ የሰረቅኩትስ ለመሥሪያ ቤቱ አይደል? ብዬ ጠየቅሁ። አሠልጣኙ ሳቀ፦ «ሥራው የመሥሪያ ቤቱ፣ እስሩ የአንተ።»

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ አጋሮ ከተማ የሰቀልኩት ባነር ነው። ለቡና ለቀማ መክፈቻ ብዬ ከኢንተርኔት የሚያምር ፎቶ አወረድኩ፦ ፈገግ ያለች ለቃሚ፣ ወገቧ ላይ የታሰረ የፕላስቲክ ቅርጫት፣ ቀይ እሸት ቡና። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ባነሩ ፊት ቆመው ብዙ አዩ።

«ልጄ፣ ይቺ ልጅ ከየት ቀበሌ ናት?»

«ከዚሁ አካባቢ ናት፣ ሐጂ።»

«ታዲያ ጥላ ዛፉ የታለ? ዋንዛ የለ፣ ብሳና የለ። ፀሐይ ላይ ቡና ማን ተከለ?»

የፎቶው አገር ኮሎምቢያ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ ግን ምላሴ ቀደመኝና «አዲስ ቴክኖሎጂ ነው፣ ሐጂ» አልኩ። ሰውየው አምነውኝ በየስብሰባው ይህ ቴክኖሎጂ መቼ ነው ለእኛ የሚደርሰን እያሉ የልማት ሠራተኛዋን መውጫ መግቢያ አሳጧት። እሷም እኔ ዘንድ መጥታ ጠየቀችኝ። በጥናት ላይ ነው አልኳት።

ጥናቱን በእውነት የሚያጠኑት ሰዎች ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ከጅማ ወጣ ብሎ መልኮ ላይ ባለው የግብርና ምርምር ማዕከል። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ አገር ውስጥ ገብቶ ማሳ ሲያወድም፣ ተመራማሪዎች ጫካ ለጫካ ዞረው በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎችን መረጡ። 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች የዚያ ልፋት ናቸው፤ 74 የተመረጡበት የ1974 እ.ኤ.አ. ምልክት ነው። ዛሬ ገበሬው በቁጥራቸው ይጠራቸዋል። እኔ የማዕከሉን ጽሑፍ ገልብጬ ብሮሸር ሳዘጋጅ የመዝገብ ቁጥር መስሎኝ 74110ን ሰረዝኩት። የተመራማሪዎቹን ስምማ ቀድሜ ነው የሰረዝኩት። የብራዚሎቹ ጽሑፍ ቢያንስ ዘሩ ከኢትዮጵያ መምጣቱን አልደበቀም።

በሥልጠናው ማብቂያ ደግሞ ከነሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ ስሞች ጎን «ጅማ» ለምን የለም ብዬ በቁጣ ጠየቅኩ። ከጎኔ የተቀመጠ የቡና ቀማሽ «ውጭ አገር ጅማ 5 ሲባል ምን እንደሚያስቡ ታውቃለህ?» አለኝ። አላውቅም ነበር። ደረጃው ዝቅ ያለ ደረቅ ቡና ነው የሚያስቡት። ስማችንን የሚሰርቅ ፈረንጅ ስጠብቅ የኖርኩት፣ እኛው ጀንፈሉን መሬት ላይ እያሰጣን ስሙን ስናረክሰው ነው። የአጋሮው ዱሮሚና ኅብረት ሥራ ማኅበር ግን ቀይ እሸቱን ለቅሞ፣ አጥቦ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ምርጥ ተብሏል። ያንን ዜና እኔ አልሠራሁትም፤ የምገለብጠው አላገኘሁማ።

ሰርተፊኬቱ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ባነሩም አጋሮ ላይ እንዳለ ነው። ስለዚህ አጋሮ፣ ገራ፣ ሊሙ ገነትና ሰቃ ጨቆርሳ ያላችሁ ፎቶ አንሺዎች፦ ዋንዛ ወይም ብሳና ያለበት የቡና ማሳ ፎቶ ካላችሁ ከነስማችሁ ላኩልኝ። ስማችሁን ከሥሩ፣ በሚነበብ መጠን እጽፈዋለሁ። ክፍያ ግን አትጠይቁኝ፤ ለፎቶ የተያዘ በጀት የለንም።