ውሻ ይበስላል እንዴ?

ኅዳር ላይ ነው። አሪቻ ቤታችን ጓሮ ቡና ማድረቂያው አልጋ ዙሪያ ቆመን ጥሬውን ከበሰለው እንለያለን። የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ነጭ ቡችላ ታቅፎ ከተፍ አለ።

«ጀርመን ሼፐርድ ነው!»

«የገዛኸው ወፍጮ ቤት ነው?»

«ብርቅ ቀለም ስለሆነ እጥፍ ከፍዬበታለሁ።»

«እጥፉ ለፀጉሩ ነው። ጩኸቱን መረቁልህ?»

የዲላው ወዳጃችን ስልኩን አወጣ። እሱ ሳያረጋግጥ አይስቅም።

«ነጩ ከደረጃ ውጭ ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ከውድድር ይሰርዙታል።»

«አሪቻ የሚወዳደረው ቡናው ነው። ውሻ ልኮ ዋንጫ የጠበቀ ማን አለ?»

«ዘሩ ተበላሽቷል እኮ ነው የምልህ!»

«ጌታው፣ እ.ኤ.አ. በ1899 የመጀመሪያ ሆኖ የተመዘገበው ጀርመን ሼፐርድ ሆራንድ ይባላል፤ አያቱ ግራይፍ ነጭ ነበር። አያቱን መሰለ ብለህ የልጅ ልጁን ከርስቱ ትነቅላለህ? ስዊሶች ነጩን አርብተው በስማቸው ጠሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓለም አቀፉ የውሻ ፌዴሬሽን ሙሉ እውቅና ሰጠው። ፀጉሩ ያው ነው፣ የተለወጠው ፓስፖርቱ ነው።»

የአጎቴ ልጅ ደረቱን ነፋ። «አላልኩም? ቀለም ምንም አይደለም! ቀጥሎ ሁለት ዝንጉርጉር ገዝቼ አዳቅላለሁ። ገበያው እሱ ነው።»

«ቀስ! እዚያ ላይ ቀለሙ ያወራል። መርል የሚሉት ዝንጉርጉር ከቢጤው ሲዳቀል፣ እያንዳንዱ ቡችላ ዘረ መሉን ከሁለቱም ወላጅ የመውረስ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። እንደዚያ የወረሰ ደግሞ ደንቆሮ ወይም ዕውር ሆኖ ሊወለድ ይችላል። የእንግሊዝ ኬኔል ክለብ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከሁለት መርል የተወለደ አልመዘግብም ያለው ወዶ አይደለም። ሌባ ሲገባ የማይሰማ፣ ሲወጣ የማያይ ዘበኛ ለማን ልትሸጥ ነው?»

«ለሌባው» አለ የዲላው።

እማዬ እስካሁን ቀና አላለችም። አንዲት አረንጓዴ ፍሬ በሁለት ጣቷ አንስታ አሳየችን።

«ይቺን የምጥላት ቀለሟን ጠልቼ ነው? ጥሬ ስለሆነች ነው። ቀዩንም የማስቀረው ስለበሰለ ነው። ውሻ ይበስላል እንዴ?»

ሁላችንም ዝም። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ለመሆኑ ዛሬ በልቷል?»

«እትዬ፣ እሱ የታሸገ ነው የሚበላው። መንገድ ላይ አለቀበት።»

«እና ቀለሙን ይብላ?»

ከቁርሷ የተረፈ ቆጮ ቆርሳ ወረወረችለት። ቡችላው ዋጠ፣ አፉን ላሰ፣ እግሯ ሥር ተቀመጠ። የአጎቴ ልጅ ሊያነሳው ጎንበስ ሲል ጥርሱን አሳይቶ ጮኸበት።

«እጥፍ የከፈልኩት እኔ!»

«በበላበት ነው ልጄ» አለች እማዬ፣ ወደ ቡናዋ እየተመለሰች።